የጓሮ ቤታችን ቴኒስ ተጫዋች

ቴኒስ ተጫዋች ሲባል ለእኔ በማስታወቂያ ላይ ውድ ሰዓት አስሮ ጥርሱን የሚያሳይ ሀብታም ነበር። ጓሮ ቤታችንን የተከራየችው ጃፓናዊት ግን ካልሲዋን በእጇ አጥባ ሽቦ ላይ የምታሰጣ፣ የራኬቷን እጀታ ራሷ የምትጠቀልል፣ ውድድር ስትሄድ ከሌላ ተጫዋች ጋር አንድ የሆቴል ክፍል የምትጋራ ሴት ነበረች። ሥራዋ መሸነፍ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ከተማ ትሄዳለች፣ ትሸነፋለች፣ ትመለሳለች፣ ካልሲዋን ታጥባለች። አልፎ አልፎ ታሸንፋለች፤ ያኔም በማግስቱ ከምትበልጣት ጋር ያገናኟትና ትሸነፋለች።

ያወቅኳት የኛ ሰው ሱቆች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለችኝ ሱቅ ነው። በርበሬውም ሽሮውም አለ፣ ዋናው ግን እንጀራው ነው። አንድ ቀን ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ያዘለች ልጅ ገብታ፣ እንጀራውን ከነላስቲኩ እያገላበጠች "ስንዴ አለበት?" ብላ ጠየቀችኝ። የኛ ሰው የሚጠይቀኝ "ዛሬ የገባ ነው?" ብሎ ነው፤ ስለ ስንዴ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ስንዴ ሆዷን ይነፋዋል፣ ሆድ ተነፍቶ ደግሞ አይሮጥም። እውነቱን ነገርኳት፤ ይሄኛው ገብስም ስንዴም አለበት፣ ያኛው ንጹሕ ጤፍ ነው አልኳት። ያኛውን ገዝታ ሄደች፣ በሳምንቱ ተመለሰች። እንግሊዝኛችን የሁለታችንም የተሰባበረ ስለሆነ ቶሎ ተግባባን።

ከፍሪጁ አጠገብ ካለው ወንበር ጧት ተቀምጠው ማታ የሚነሡ አንድ ጋሼ አሉ። ዳውንታውን ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ሥራቸው በገባ በወጣው ላይ መፍረድ ነው።

"ቻይናዋ እንጀራ ለመደች" አሉ እዚያው ፊቷ።

"ጃፓን ናት፣ ጋሼ።"

"ያው ናቸው።"

ቴኒስ እንደምትጫወት ስነግራቸው ስልካቸውን አውጥተው ፈለጓት። ትንሽ ቆይተው፣ ያበላሸሁት ሒሳብ ያገኙ ይመስል "ይቺ እኮ የምትሸነፍ ናት" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከበር ስትገባ "ዛሬስ ማን ገረፈሽ?" ይሏታል በአማርኛ፣ ፈገግ ብለው። እሷ ሰላምታ ስለሚመስላት ጎንበስ ብላ ትመልስላቸዋለች። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ይስቃል። እኔም የሳቅኩበት ቀን አለ፤ ነገሩ ያስቃል እኮ።

ታሪኳን ያወጣጣሁት በቁራጭ በቁራጭ ነው። አባቷ ጎማ የሚጠግን ሰው ነበር። ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ራኬት አስጨብጦ ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ያጫውታት ነበር፤ ግድግዳው አይደክምም፣ እሷ ግን ከደከመች እራት የለም። ልጅነቷን ሳትጨርስ ከቤት ወጥታ ማሠልጠኛ ገባች። አንድ ጊዜ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ መቶ ውስጥ ገብታ ነበር፤ ያን ሰሞን በአገሯ ቴሌቪዥን አሳዩዋት፣ አንድ ኩባንያ በነጻ አለበሳት። ከዚያ የእጅ አንጓዋ ጅማት ተበጠሰና ኦፕራሲዮን ሆነች። ልብሱም ቀረ፣ ቴሌቪዥኑም ቀረ። ካልቨር ሲቲ ቤቱ ያስቀመጣት አሠልጣኝ ፋሻው እንኳ ሳይፈታ "ዕድሜዋ ከአንቺ ያነሰ ልጅ አግኝቻለሁ፣ ክፍሉን እፈልገዋለሁ" ብሎ ቴክስት አደረገላት። ያንን ያነበበችው እኔ ሱቅ ቆማ ነው። እንጀራዋን ይዛ በር ላይ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ "የሚከራይ ክፍል ታውቂያለሽ?" አለችኝ። ዓይኗ ደርቋል፣ ድምጿም አልተንቀጠቀጠም። አንጀቴን በላችው። አፌ ሁልጊዜ ይቀድመኛል፤ "እኛ ጓሮ ቤት አለን" አልኳት።

ቤታችን ሃውቶርን ነው፣ ለኤርፖርቱ ቅርብ። ፊት ለፊት ያለው ቤት ውስጥ እኔና እናቴ አለን፤ ጓሮው ድሮ ጋራዥ የነበረ፣ አልጋና ሻወር የገባለት አንድ ክፍል ነው። እናቴ የመጣችው በእኔ ወረቀት ነው። ግሪን ካርድ አላት፣ የዜግነት ኢንተርቪው ቀጠሮዋን እየጠበቀች ነበር።

ልጅቷ በገባች ቀን አስቀምጣን አንድ ነገር አስጠነቀቀችን። ደረጃዋ ከፍ ባለበት ጊዜ የዶፒንግ መርማሪዎች መዝገብ ውስጥ ገብታለች፣ አሁንም አልወጣችም። እነዚህ ሰዎች ሳይነግሩ መጥተው ሽንትና ደም ይወስዳሉ። እሷ የት እንደምታድርና በየቀኑ በየትኛው ሰዓት የግድ እንደምትገኝ ስልኳ ላይ ባለ አፕ ትሞላለች። የመረጠችው ጧት ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት መጥተው ካጧት ጥፋት ይያዝባታል፤ በዓመት ውስጥ ሦስት ጥፋት ከሞላ ጉልበት የሚሰጥ መድኃኒት እንደወሰደ ሰው ትታገዳለች። ሁለቱ ሞልተዋል። አንዱ በረራዋ ተሰርዞ ኤርፖርት ወለል ላይ ያደረች ቀን ነው፣ ሁለተኛው ከአሠልጣኙ ቤት ስትባረር አድራሻ ሳትቀይር የቀረችበት ነው።

"አንድ ብቻ ነው የቀረኝ" አለች፣ እጇን ጭኗ ላይ ሰብስባ። "እባካችሁ ጧት ሰው ከመጣ ጥሩኝ። ጓሮ ቤቱ ደወል የለውም።"

ለእናቴ አንድ በአንድ ተረጎምኩላት።

"የቴኒስ ሰዎች ናቸው የሚመጡት?" አለችኝ።

"አዎ፣ የቴኒስ ሰዎች ናቸው።"

"ይምጡ እንጂ። ቁርስም ይበላሉ።"

እናቴ በጭንቅላቷ የሣለቻቸውን ሰዎች ያወቅኩት ኋላ፣ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ነጭ ቁምጣ የለበሱ፣ ራኬት የያዙ ሰዎች ነበር የምትጠብቀው።

ሁለቱ ተዋደዱ፣ መዋደዳቸው ደግሞ ሁለቱንም አሠቃያቸው። እናቴ በየማለዳው የጤፍ ፍርፍር ይዛላት ትሄዳለች። በልጅቷ አገር የቀረበውን መተው ነውር ነው፤ ሰሃኑን ጠርጋ ትበላለች። በእኛ ቤት ደግሞ ባዶ ሰሃን ጨምሩልኝ ማለት ነው። እናቴ ትጨምራለች፣ ልጅቷ ትበላለች፣ እናቴ "በሞቴ" ብላ እንደገና ትጨምራለች። አንድ ጧት ልጅቷ ከሎሚው ዛፍ ሥር ጎንበስ ብላ ስታስመልስ አየኋት። "ለእማማ አትንገሪ" አለችኝ አፏን እየጠረገች። እናቴ ያስተማረቻት የአማርኛ ቃል "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ነበር፤ ስትለው ምላሷ እየተጠላለፈ፣ በየቀኑ፣ ሰሃኑን በሁለት እጇ እየመለሰች።

ስትሸነፍ ስልኳ በስድብ ይሞላል። በጨዋታው ላይ ገንዘብ ያስያዙ ሰዎች ናቸው፤ ከማያውቁት አገር ሆነው እጅሽ ይቆረጥ፣ እናትሽ ትሙት ይሏታል። ሁሉንም ታነበዋለች። ምን ቆርጦሽ ታነቢያለሽ ብላት፣ "አንዳንዱን ለምጄዋለሁ፤ አንድ ቀን ካልሰደበኝ የታመመ ይመስለኛል" አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበረች።

እጇ ግን እየዳነ ነበር። የሚለጠጥ የስፖርት ላስቲክ ሎሚው ዛፍ ላይ አስራ ስትጎትት ነው የምትውለው። በጉዳት ለቆየ ተጫዋች የድሮ ደረጃው ለጥቂት ውድድር ይጠበቅለታል፤ እሷ ያን ዕድሏን ለአንድ ትልቅ ውድድር ቆጥባዋለች። ያ ውድድር ከተሳካ ትመለሳለች፣ ካልተሳካ ዕድሜዋ አልፏል። "ከዚህ በኋላ ሌላ የለኝም" ነበር ያለችኝ። እናቴም ይህን ታውቃለች፣ ስለት ገብታላታለች።

ያን ሰሞን ፌርፋክስ ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ኢሚግሬሽን ሰዎች ነበር። ጧት ይመጣሉ፣ አንገታቸው ላይ ባጅ አለ፣ ስም ጠርተው ይጠይቃሉ ይባላል። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየሱቁ፣ በየስልኩ ምክሩ አንድ ነው፤ በር አትክፈቱ፣ የሰው ስም አትንገሩ፣ ምንም አትፈርሙ። ወረቀት ያለውም የሌለውም እኩል ፈርቷል። እኔ ሱቅ ውስጥ ይህን የማይደግም ደንበኛ አልነበረም፤ ጋሼማ ከወንበራቸው ሆነው እንደ ስብከት ነበር የሚያስተምሩት። እናቴ ምክሩን በቃሏ ያዘችው።

ከዚያ አንድ ቀን ልጅቷ ሱቅ መጣች። ሰው እስኪወጣ ቆማ ጠበቀችና ስልኳን ሰጠችኝ። ኢሜይል ነው። መርማሪዎቹ ጧት በሰዓቱ ሄደዋል፣ የበሩን ደወል ደጋግመው ደውለዋል፣ አላገኟትም፤ በአድራሻው የተገኙ አንዲት አረጋዊት ተጫዋቿ እዚያ እንደማትኖር ተናግረዋል። ሦስተኛ ጥፋት።

"እዚያው ነበርኩ" አለች። "በሬን ከፍቼ ነበር የተቀመጥኩት። እማማ ቁርስ አምጥታልኛለች።"

"ምን ሆነች?" አሉ ጋሼ። በቀትር ሱቅ ዘጋሁ፣ እሳቸውንም ከነመቀመጫቸው አስወጣሁ፤ የላ ሲዬኔጋን መንገድ ይዤ እንዴት ድራይቭ እንዳደረግኩ አላውቅም።

እናቴ ነጠላዋን እየተኮሰች ነበር። ስጠይቃት አልደነገጠችም።

"አንቺ እንጀራ ልታመጪ እንደወጣሽ መጥተው ነበር፤ መለስኳቸው" አለች። "አንድ ሴትና አንድ ወንድ፣ ባጅ ያደረጉ፣ ሰማያዊ ቦርሳ የያዙ። ስሟን ጠርተው ጠየቁኝ። 'ኖ ሂር' አልኳቸው። የሄዱ መስሎኝ ሳይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ተመልሰው ደወሉ። 'ኖ ሂር፣ ኖ ጃፓን' አልኳቸው። እስኪሄዱ ድረስ በመጋረጃው ቀዳዳ ስጠብቃቸው ነበር።"

"ለእሷስ ለምን አልነገርሻትም?"

"ላስደነግጣት? ቁርሷን ሳትበላ?"

"የቴኒስ ሰዎች ነበሩ እኮ እማዬ።"

"የቴኒስ ሰው ባጅ ያደርጋል?" አለችኝ፣ ካውያውን አቁማ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፣ በቤታችን ባይወራም። እናቴ ልጅ ሳለች፣ አዲስ አበባ፣ ሰዎች ጧት መጥተው የታላቅ ወንድሟን ስም ጠሩ። "ጓዳ ነው ያለው" አለቻቸው። ትልቅ ሰው ሲጠይቅ መመለስ ነበር የተማረችው። ይዘውት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ማለዳ ስም ጠርቶ ለመጣ ሰው የእናቴ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነው። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት። እናቴ ራሷ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ልጅቷ ዳውንታውን ሎየር ያዘች። ሎየሩ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ በራ። ከባድ አይደለም አለ፤ ችሎት በቪዲዮ ይኖራል፣ እናትሽ ቀርበው "መጥተው ነበር፣ እኔ ዋሸኋቸው፣ እሷ ጓሮ ነበረች" ይበሉ፣ ጥፋቱ የእሳቸው ከሆነ የእሷ አይሆንም አለ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፣ ሕፃን እንኳ ቢያስተምሩት ይይዘዋል ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

እናቴ እምቢ አለች። "ዋሽቻለሁ ብዬ ልናገር? ለመንግሥት? ኢንተርቪው እየጠበቅኩ?"

"መንግሥት አይደሉም።"

"መንግሥት ካልሆኑ ባጁን ማን ሰጣቸው?"

ተጨቃጨቅን፤ ቆሽቴ እስኪያር ተጨቃጨቅን። ሎየሩ እኔ እየተረጎምኩ በስልክ አስረዳት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ነገ እናገራለሁ ትላለች፣ ነገ ሲመጣ ራሴን አመመኝ ትላለች። ልጅቷ አንድም ቀን አልለመነቻትም። ያደረገችው ሌላ ነው፤ መርማሪዎቹ ዳግም ቢመጡ እንዳያጧት በየማለዳው በዚያች ሰዓት ታጣፊ ወንበር ይዛ ከግቢው በር ውጭ፣ መንገዱ ዳር ትቀመጣለች። ውርጩ ነው፣ ጭጋጉ ነው፣ ፎጣ ተከናንባ ትቀመጣለች። እናቴ በመጋረጃው ቀዳዳ ታያታለች፣ እኔ እናቴን አያለሁ። ፍርፍሩን ውጭ ድረስ ይዛላት ወጣች። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ሆና በላችው፣ ሰሃኑን በሁለት እጇ መልሳ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለቻት። እናቴ ገብታ ከኩሽናው ጥግ ቆመች።

"ብርድ ላይ አስቀመጥኳት" አለችኝ። "እሄዳለሁ። የምትሉኝን እላለሁ።"

የችሎቱ ዕለት ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። የሎየሩ ቢሮ ከፎቁ ራስ ላይ ነው፤ በሊፍቱ ስንወጣ ጆሮዋን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ትልቅ ስክሪን አለ። ሦስት ዳኞች፣ የመርማሪዎቹ ጠበቃ፣ አንዲት አስተርጓሚ በየሳጥናቸው ተደርድረዋል። እኔ ልጅዋ ስለሆንኩ ጥግ ተቀመጪ፣ አንዲት ቃል ከተነፈስሽ እናስወጣሻለን ተባልኩ። ለእኔ ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም። ልጅቷ ከእናቴ ጎን ተቀምጣለች፣ ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ለቀብር የመጣች ትመስላለች።

ሎየሩ ለስለስ ባለ ድምጽ ጠየቃት፤ አስተርጓሚዋ ወደ አማርኛ መለሰችው። "በዚያን ዕለት ጧት ተጫዋቿን ፈልጎ ወደ ቤትዎ የመጣ ሰው ነበር?"

እናቴ ስክሪኑን አየች። ከዚያ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀችላት፣ ይናገሩ እንደማለት። የእናቴ ከንፈር ሲሸበሸብ ገና ሳትናገር አወቅኩት።

"የለም" አለች። "ማንም አልመጣም።"

ሎየሩ ወረቀቱን አስቀመጠ። ጥያቄው ግልጽ እንዲሆንልዎ ልድገመው አለና ደገመው።

"ማንም አልመጣም። ልጅቷ ቤት ነበረች። ቁርሷን ያበላኋት እኔ ነኝ። ማንም ፈልጓት አልመጣም። ንጹሕ ልጅ ናት፣ ምንም አልወሰደችም፣ ክፉ አታውቅም።"

አስተርጓሚዋ አንድ በአንድ፣ ያለ ሐሳብ፣ ወደ እንግሊዝኛ አወጣችው። የወዲያኛው ጠበቃ አልተቆጣም፣ እንዲያውም ደስ ብሎታል። መርማሪዎቹ ያነሡትን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አወጣው። የግቢያችን በር ነው። በብረቱ መሐል የእናቴ ፊት አለ፣ ቢጫ ሻሿን አስራ፣ አንድ እጇን ለመከልከል አንሥታ። ያችኑ ቢጫ ሻሽ አሁን ችሎቱ ፊትም ከነጠላዋ ሥር አስራት ነበር።

"ይህች እርስዎ ነዎት?"

እናቴ ፎቶውን ብዙ አየችው።

"እኔ አይደለሁም" አለች።

አንዱ ዳኛ መነጽሩን አወለቀ። ሎየሩ ሌላ ጥያቄ የለኝም አለ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ደም ቀመስኩ። እናቴ ወንበሯን ወደ ልጅቷ አዙራ ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻት፣ አይዞሽ እያለች።

ስንመለስ ልጅቷ ከኋላ፣ እናቴ ከፊት ተቀመጡ። ትራፊኩ አይንቀሳቀስም። እናቴ ነገሩ የገባኝ አልመሰላትም፣ ልታስረዳኝ ጀመረች።

"አልመጡም ካልኩ በምን ይከሷታል? ካልመጡ አጣናት ሊሉ አይችሉም። አስቤበት ነው እኮ። ሌሊቱን ሁሉ ሳስብበት ነው ያደርኩት።"

ደሜ ፈላ። ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ዝም የሚል አፍ አልተሰጠኝም።

"ያኔ እውነት ተናግረሽ ወንድምሽን አስወሰድሽ" አልኳት። "አሁን ዋሽተሽ ይቺን ገደልሽ።"

ማን እንደነገረኝ አልጠየቀችኝም። ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበች፤ ሃውቶርን እስክንደርስ አንገቷን አልመለሰችም። ልጅቷ ከኋላ ወደ ፊት ጠጋ ብላ "ምን አልሻት?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት።

ውሳኔው በኢሜይል መጣ። የምስክርዋ ቃል የሚታመን አይደለም፣ ተጫዋቿ ሁለት ዓመት ታግዳለች ይላል። ሁለት ዓመት ለእኛ ወረቀት መጠበቂያ ነው፤ ለእሷ ያ የተቆጠበው ውድድር አለፈ፣ ደረጃውም አለቀ፣ እጇም ከዚህ በኋላ የሚጠብቀው የለም። በመሸነፏ ሲረግሟት የነበሩት ሰዎች አሁን እሰይ ይሏት ጀመር። ጋሼ ስልካቸውን ይዘው መጡልኝ። "አላልኩሽም? ዶፕ አድርጋ ነው። ዶፕ አድርጋም ትሸነፋለች" አሉ። ወንበራቸውን ብድግ አድርጌ ጓዳ አስገባሁት። አሁንም ይመጣሉ፣ ቆመው ነው የሚያወሩት።

የሄደች ቀን እናቴ የጤፉን እንጀራ ጠቅልላ፣ በላስቲክ አስራ ይዛላት ወጣች። ልጅቷ ጎንበስ አለች፣ ከተለመደው በላይ ጎንበስ ብላ ቆየች፤ ከዚያ ያችን የምታውቃትን አማርኛ አለቻት። እናቴ ሳመቻት፤ ትከሻዋን አልለቅ አለች። ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሻንጣዋን ሳወርድላት ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"በር ላይ የወጣው የሚጠላኝ ሰው ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይጠቁመኝ ነበር" አለችኝ። "ዛሬ እጫወት ነበር።"

ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር እችለው ነበር። ቦርሳዋን አዝላ ገባች።

ለእናቴ ይህን አልነገርኳትም። ሁለታችንም ከዚያ መኪና ውስጥ ከተባባልነው በኋላ የምናወራው ስለ ሽንኩርትና ስለ ጋዝ ቢል ሆነ። ጓሮ ቤቱን አላከራየነውም። ላስቲኩ ከሎሚው ዛፍ ላይ እንደታሰረ ነው፤ እኔ ልፈታው ስል እናቴ "ተዪው" አለችኝ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ እሑድ ጧት፣ ደወል ተደወለ። የታገደ ተጫዋችም ይመረመራል ለካ፤ እሷ ደግሞ አፑ ላይ የኛን አድራሻ ሳትቀይር ነው የሄደችው። ቢጃማዬን እንደለበስኩ ስወጣ የግቢው በር እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። እናቴ ባዶ እግሯን ናት። ያችው ሰማያዊ ቦርሳ የያዘች ሴትዮ ከነጓደኛዋ ገብታለች፤ እናቴ እጅጌዋን ይዛ ወደ ጓሮ ትጎትታታለች።

"ካም" ትላታለች። "ካም፣ ካም። ሂር።"

ጓሮ ቤቱን በረገደችው። ፍራሹ ተራቁቷል። ግድግዳው ላይ የካሌንደር ቦታ ነጥቶ ይታያል። ሴትዮዋ ገብታ ሻወሩን ሳይቀር አየችና ወጣች። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ የመኪናው ቀን ወዲህ ዓይኔን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

"ንገሪልኝ" አለችኝ። "ያን ቀን እዚህ ነበረች በዪልኝ። እዚህ፣ ይሄ አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ በዪልኝ። ፎቶው ላይ ያለሁትም እኔ ነኝ።"

አንድ ቃል ሳልጨምር፣ አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩት። ሴትዮዋ ታብሌቷን ደረቷ ላይ አቅፋ እስክጨርስ ሰማችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም።

"ገባኝ" አለች። "እኛ የምንጽፈው ግን የዛሬውን ብቻ ነው። ዛሬ አለች?"

ተረጎምኩላት። እናቴ ባዶውን ክፍል አየች፣ የሎሚውን ዛፍ አየች፣ ከዚያ ሴትዮዋን።

"ኖ ሂር" አለች።

ሴትዮዋ ጻፈችው።